የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አለ፤ ሙዚቃውስ የት አለ? ሙዚቀኞችን ወደ ክፍል ስለማስገባት

ጊዜው 1940ዎቹ ነው፤ ቦታው ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት። ከአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ቴአትር ሙያተኞች ትርኢት ሊያሳዩ መጥተዋል። ከመጡት መሀል እዮኤል ዮሐንስና ንጋቷ ከልካይ አሉበት። ከሚያዩት ተማሪዎች አንዱ ዘፈን የሚወድ ልጅ ነው። አያቱ ትምህርቱ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ይፈልጋሉ። ርዕሰ መምህሩ፣ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ፣ ግን የልጁን ዝንባሌ አይተው ያበረታቱታል። ልጁ እዮኤልን ጠጋ ብሎ ያናግራል፤ በሙዚቃ መግፋት ከፈለገ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት ይነገረዋል። ብዙም ሳይቆይ ከአያቱ ቤት ወጥቶ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ መንገድ ጀመረ።

ልጁ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ድምፁና ስለ ድፍረቱ ነው። ዛሬ እኛ ማየት የፈለግነው ትምህርት ቤቱን ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ነገር ተገጣጥሟል። አንደኛ፣ ባለሙያዎች ልጁ ያለበት ድረስ መጡ። ሁለተኛ፣ በየቀኑ የሚያየው አንድ የትምህርት ሰው ዝንባሌውን ልብ አለው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ንጉሥ የምንለው ሰው ዕድል በአንድ የቴአትር ቡድን ጉዞና በአንድ ርዕሰ መምህር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን አብረውት ቆመው ያዩት ልጆች ደግሞ ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ጥያቄያችን እንግዲህ ይሄ ነው። ባለሙያ ሙዚቀኞች በአጋጣሚ ሳይሆን በፕሮግራም ትምህርት ቤት ቢገቡ ምን ይለወጣል? እንዴትስ ይደረጋል?

ክፍል ውስጥ አሁን ያለው

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በተተገበረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል እዚያ ውስጥ ተጠቃለዋል። ከዚያ በፊት የተማርነው «ኤስቴቲክስ» ወይም በቀጥታ «ሙዚቃ» ብለን ነው የምናውቀው። ስሙ ይለያይ እንጂ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ሀገሪቱ ልጆች ሙዚቃ ይማሩ ብላ ወስናለች። መጽሐፍ ተዘጋጅቷል፣ ክፍለ ጊዜ ተመድቧል፣ መምህርም ተመድቧል።

ችግሩ የሚጀምረው ደወል ተደውሎ መምህሩ ክፍል ሲገባ ነው። አንድ ሰው አራቱንም ጥበብ እንዲያስተምር ይጠበቃል። ሥዕል የሚችለው ሙዚቃ ላይ ይቸገራል። ሁለቱንም ያልተማረ፣ ክፍለ ጊዜ እንዲሞላለት ብቻ የተሰጠውም አለ። ታዲያ ምን ያድርግ? የሚያውቀውን ያደርጋል፤ ኖት ይሰጣል። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ፈተና ላይ «ማሲንቆ ስንት አውታር አለው?» ተብሎ ይጠየቃል። «አንድ» ይላል፤ ሙሉ ማርክ ያገኛል። የማሲንቆ ድምፅ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ አልተሰማም።

እኛ ራሳችን ያለፍነው በዚሁ ነው። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ማካካሻ ሲሆን፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ የጥናት ሰዓት ሲሆን አይተናል። ቅር የሚለው ሰው ብዙም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው ፈተና ላይ አብዛኛው ተማሪ ስለ ሙዚቃ አይጠየቅማ!

ገንዘብ ያለው ቤተሰብ መላ አያጣም። ልጁን ፒያኖ ያለው የግል ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ካልሆነም ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማሪ ይቀጥርለታል። ድሮም እንዲሁ ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቫዮሊን የጀመሩት በልጅነታቸው በተላኩበት የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና ይማራል ተብሎ ነበር ዌልስ፣ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ የተላከው። እዚያ ሙዚቃ እንደ ሌላው ትምህርት የሚሞከር ነገር ስለነበር ዝንባሌው ታወቀ። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ፣ ቀጥሎ ቦስተን በርክሊ እያለ ኢትዮ ጃዝ ላይ ደረሰ።

የሁለቱም ተሰጥኦ የራሳቸው ነው። ተሰጥኦው የታየው ግን ልጅ የሙዚቃ መሣሪያ የሚነካበት ክፍል ስለነበረ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ባሕር ማዶ ነበር። ዛሬ አንድ የቂርቆስ ወይም የደብረ ብርሃን ልጅ ክራር ለመንካት ባሕር መሻገር የለበትም። ክራር የሚመታው ሰው እዚሁ ሰፈሩ ውስጥ አለና።

ባለሙያው ራሱ ሲያስተምር ለእኛ አዲስ አይደለም

«ሙዚቀኛ ወደ ትምህርት ቤት ይምጣ» ሲባል ከውጭ የመጣ ሐሳብ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የአብነት ትምህርት ቤትን እስቲ አስቡ። ዜማ ቤት የገባ ተማሪ የሚማረው ራሱ ከሚያዜም መምህር ነው። የዜማ ምልክትማ አለ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ቢሆንም ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን አስቀድሞ ለሰማ ሰው ነው። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ በማግስቱም ይመለሳል። ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ከወረቀት ላይ ብቻ አንብቦ ሊቅ የሆነ የለም።

አዝማሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ፣ እያየና እየሰማ ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃችን ራሱ የተጀመረው ባለሙያ በማምጣት ነው። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ባንድ ያያሉ፤ 40 ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ ዘውዱ ዘመን ፍጻሜ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ።

የደርግን ጊዜም እናንሳ። በየቀበሌውና በየከፍተኛው የነበሩት የኪነት ቡድኖች የፖለቲካ ሥራ ነበራቸው፤ ያን መካድ አይቻልም። ያም ሆኖ ለብዙ የሰፈር ልጅ ጊታርና ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካበት ቦታ እሱ ነበር። ከዚያ የወጡ ድምፃውያንን ዛሬም እየሰማን ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት ነገር አለ። የሚያስተምረው ሰው ሥራውን ራሱ የሚሠራው ሰው ነው። ደግሞም አንድ ቀን መጥቶ አይጠፋም፤ ይመላለሳል።

አንድ ቀን መጥቶ መሄድ ለምን አይበቃም?

አሁን ትምህርት ቤቶች ሙዚቀኛ የሚጋብዙት መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ ለዓመቱ መዝጊያ በዓል። ስፒከር ይደረደራል፣ ታዋቂ ድምፃዊ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ሰልፊ ይነሳሉ፣ በማግስቱ ፎቶው በየገጹ ይለቀቃል። ደስታ ነው፤ ክፋት የለውም። ትምህርት ነው ወይ ከተባለ ግን አይደለም። ልጁ የተማረው ሙዚቃ ማለት ሌላ ሰው መድረክ ላይ የሚሠራው፣ እሱ ከታች ሆኖ የሚያጨበጭብለት ነገር መሆኑን ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ጥናት አለ። አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ሃርመኒ ፕሮጀክት» የሚባል፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ነፃ የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኒና ክራውስና ባልደረቦቿ ልጆቹን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን አሳተሙ። የለኩት የልጆቹ አእምሮ እንደ «ባ» እና «ጋ» ያሉ ተቀራራቢ የንግግር ድምፆችን ምን ያህል ለይቶ እንደሚይዝ ነበር። ከአንድ ዓመት ትምህርት በኋላ ለውጥ አልታየም። ለውጡ የታየው ሁለት ዓመት ለተማሩት ነው። አንድ ዓመት ያላመጣውን ለውጥ የአንድ ከሰዓት ኮንሰርት ያመጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። «ሙዚቃ የተማረ ልጅ ሒሳብ ይጎብዛል» የሚል ፖስት በየጊዜው ሲዞር ታያላችሁ። የዚህ ወሬ አንዱ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ «ሞዛርት ኢፌክት» የሚል ስም የተሰጠው ጥናት ነው። የተጠኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ሕፃናት አይደሉም። ሞዛርትን ከሰሙ በኋላ በአንድ ዓይነት የቅርጽ ጥያቄ ላይ ጥቂት ተሻሽለው ተገኙ፤ መሻሻሉም ከሩብ ሰዓት አላለፈም። በቃ፣ ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ የተሠሩ ንጽጽሮች ሙዚቃ መማር በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም ይላሉ።

ስለዚህ ሙዚቃን የሒሳብ ማጎበዣ አድርገን አንሽጠው። ስፖርት የምናስተምረው ልጆች ፊዚክስ እንዲገባቸው አይደለም። ሙዚቃ የሚሰጠው የራሱ ነገር አለ። የሌላውን ድምፅ ሰምቶ የራስን ማስተካከል፣ ተራ መጠበቅ፣ ደጋግሞ ተሳስቶ ማስተካከል፣ የሀገርን ቅኝት በጆሮ መለየት። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ መለየት የማይችል ልጅ የአራቱን ስም በቃሉ ቢወጣው ምን ይጠቅመዋል?

ኖርዌይ እና ናይሮቢ ምን አደረጉ?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሀገር ደረጃ የምታካሂደው ፕሮግራም አላት፤ ስሙ ሲተረጎም «የባህል የትምህርት ቤት ቦርሳ» እንደማለት ነው። ባለሙያ ሙዚቀኞች፣ የቴአትር ሰዎች፣ ጸሐፊዎችና ሌሎችም በየትምህርት ቤቱ ይዞራሉ። ሁለት ነገር ልብ በሉልን። ፕሮግራሙ የሚደርሰው ለተመረጡ ልጆች ሳይሆን ከ6 እስከ 19 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ሁሉ ነው፤ ሩቅ ገጠር ያለውም ከተማ ያለውም እኩል። ገንዘቡ ደግሞ በዋናነት የሚመጣው ከመንግሥት የሎተሪ ድርጅት ትርፍ ነው። እኛም ሀገር ሎተሪ እንዳለ ለማስታወስ ያህል ነው።

«ኖርዌይ ሀብታም ናት» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እንግዲያው ወደ ጎረቤት እንምጣ። ናይሮቢ ውስጥ ኮሮጎቾ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ፤ የከተማዋ ትልቁ የቆሻሻ መጣያ አጠገቡ ነው። ኤልዛቤት ንጆሮጌ እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያ «ጌቶ ክላሲክስ» የሚባል የልጆች የሙዚቃ ፕሮግራም ጀመረች። ባለሙያዎች እየመጡ ልጆቹን ቫዮሊንና ትንፋሽ መሣሪያ ያስተምራሉ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ቀድመው የተማሩት ልጆች ታናናሾቻቸውን ማስተማር ያዙ። የፕሮግራሙ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚገባው ባለሙያ ብቻውን ሁሉን ልጅ አይደርስም፤ እሱ የሠራቸው ግን ይደርሳሉ።

እኛ ጋ ቢሞከር፣ በተግባር

ከላይ ያየነውን ይዘን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነገ ሊጀምረው የሚችለውን እንዲህ እናስቀምጠው።

1. አንድ ባለሙያ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሙሉ ሴሚስተር። ለበዓል አይጠራም፤ የሚገባው ፕሮግራም ላይ ባለው የክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ የአንድ ክፍል ደረጃ ሴክሽኖችን ክፍለ ጊዜ አንድ ቀን ላይ ካደረገለት፣ በዚያ ቀን ሁሉንም ያዳርሳል። ልጆቹ «ማክሰኞ የክራሩ ጋሼ ይመጣል» ብለው መጠበቅ ሲጀምሩ ነገሩ መስመር ያዘ ማለት ነው።

2. መምህሩ ከክፍል አይወጣም። ይሄ ዋናው ነጥብ ነው። ሙዚቀኛው ሲገባ መምህሩ ሻይ ሊጠጣ ከወጣ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ከሙዚቀኛው ጋር ይሄዳል። አብሮ ከተቀመጠ፣ አብሮ ካጨበጨበ፣ ክራሩን ራሱም ከሞከረ ግን በሚቀጥለው ዓመት ቢያንስ ግማሹን ብቻውን ያስተምረዋል። ሙዚቀኛው ድምፁን ያመጣል፣ መምህሩ ልጆቹን ያውቃል። 60 ልጅ ያለበትን ክፍል ዝም ማሰኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ መድረክ ላይ አይገኝም።

3. ልጆቹ ከሚያውቁት መጀመር። የመሣሪያ እጥረት ሰበብ እንዳይሆን። መጀመሪያ ጭብጨባ፣ ድምፅና እግር ይበቃል። ሆያ ሆዬ እና አበባየሆሽ የጨፈረ ልጅ አውራጅና ተቀባይ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙን ብቻ ነው ያልተነገረው። ሙዚቀኛው ከዚያ ተነስቶ ከበሮ ያስገባል፣ ችክችካን በሁለት እጅ ከፋፍሎ ያሳያል።

ቀጥሎ ክራር። ለክፍል የሚመች መሣሪያ ነው። ባለ አምስት አውታሩን አንድ ቅኝት ላይ ካስተካከሉት እያንዳንዱ አውታር የቅኝቱ አንድ ድምፅ ነው። ልጁ የትኛውንም አውታር ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ አይቆርጥም። ሀገር ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ አውታር ቢበጠስ የሚጠግን አይጠፋም።

ሌላም ቦታ የራሱ ሀብት አለው። ደራሼ ውስጥ ፊላ የሚባለው የዋሽንት ጨዋታ አለ፤ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን አንድ ሁለት ድምፅ በተራው እየነፋ ሙሉው ዜማ በጋራ ይወጣል። ዶርዜዎች ደግሞ ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ እያነባበሩ ይዘምራሉ። ከዚህ የተሻለ ለክፍል ሥራ የሚሆን ነገር ከየት ይመጣል? አርባ ምንጭ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባ ሙዚቀኛ መጠበቅ የለበትም።

4. ኮከብ አንፈልግ። ለዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ድምፃዊ አያስፈልግም። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቁ ወጣቶች አሉ። በየክልሉ ባህል ቢሮ ሥር የባህል ቡድኖች አሉ። በየሆቴሉና በየባህል ምሽቱ ማታ ማታ የሚሠሩ፣ ቀን ቀን ክፍት የሆኑ ተጫዋቾች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ዲግሪ የላቸውም። 20 ዓመት ማሲንቆ የመታን ሰው «ሰርተፍኬትህን አምጣ» ብሎ ከበር መመለስ የሚጎዳው ልጆቹን ነው። የሚፈተነው በወረቀት ሳይሆን ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲያሳይ ይሁን። ጥሩ ተጫዋች ሁሉ ጥሩ አስተማሪ አይደለምና፣ ከልጆች ጋር እንዴት እንደሚሠራ የጥቂት ቀን ሥልጠና ይሰጠው።

5. ወላጅ ቀድሞ ይወቅ። አዝማሪ የሚለው ቃል ለዘመናት ስድብ ሆኖ የኖረበት ሀገር ነው። «ልጄን ዘፋኝ ልታደርጉት ነው ወይ?» የሚል ወላጅ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ጋብዙት፣ ክፍል ገብቶ ይይ። በሃይማኖቱ ምክንያት ቅር የሚለውም አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የየትኛውም ሃይማኖት አይደለምና መዝሙሩም መንዙማውም በየቤተ እምነቱ ይቆይ፤ ክፍል ውስጥ የልጆች ጨዋታ፣ የሥራ ዜማና የበዓል ጭፈራ ይበቃል። የዘፈኑ ግጥምም ለልጅ የሚሆን መሆኑን መምህሩ አስቀድሞ ይየው።

ደኅንነትም ይታሰብ። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ሰው ማንነቱ ይጣራ፣ ከልጅ ጋር ለብቻው በር ዘግቶ አይቀመጥ። መምህሩ ከክፍል አይወጣም ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

ክፍያው ከየት ይምጣ?

ነፃ አገልግሎት ይሁን የሚል ሐሳብ ሁሌም ይነሳል። እኛ አንስማማም። በነፃ የሚመጣ ሰው ሥራ ሲያገኝ ይቀራል፤ ሊወቀስም አይችልም። ኤሌክትሪክ ሠሪና ቀለም ቀቢ ተከፍሎት ትምህርት ቤት ይገባል። ሙዚቀኛው ላይ ሲደርስ «ለልጆች ስትል» ይባላል። ልጆቹ ራሳቸው ከዚህ የሚማሩት ነገር አለ፤ ሙዚቃ ሥራ አይደለም የሚል ትምህርት።

የሙዚቀኛውን የሥራ ወቅት ብናይ ደግሞ የሚገጣጠም ነገር እናገኛለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን አዝማሪ ቤቱም የምሽት ክለቡም ይቀዘቅዛል፤ ሠርግም የለም። በማታ ሥራ የሚኖር ተጫዋች ኪሱ የሚደርቀው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ያን ጊዜ ክፍት ነው፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ዋና ጊዜ ነው። ሙዚቀኛው ሥራ በሚያጣበት ወቅት ትምህርት ቤቱ ሥራ ይሰጠዋል ማለት ነው። በጾም ጭፈራ የማይፈልግ ቤተሰብ ቢኖር እንኳ ቅኝት መለየት፣ ክራር መቃኘትና ጭብጨባ መቁጠር ጭፈራ አይደለም።

ምንጩስ? በከተማ ያለ ትምህርት ቤት ከወላጅ ኮሚቴ ጋር መነጋገር ይችላል። የባህል ቢሮዎች ለበዓል መድረክ ከሚያወጡት ላይ ጥቂቱን ወደ ክፍል ቢያዞሩት ትርፉ ለዓመታት ነው። ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ለተማሩበት ትምህርት ቤት መጻሕፍትና ኮምፒውተር ሲልኩ እናያለን፤ የአንድ ክራር መምህር የአንድ ሴሚስተር አበል መሸፈንም አንድ መንገድ ነው። ክራሩን ከአገር ቤት ሠሪ ቢገዙት ደግሞ ገንዘቡ እዚሁ ይቀራል።

«ዴስክ በሌለበት ሙዚቃ?»

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ልናልፈው አንፈልግም። መሬት ላይ ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች አሉ። በጦርነት የፈረሱ ትምህርት ቤቶች አሉ። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ተማሪ አለ። ከነዚህ ፊት ቆሞ ስለ ክራር ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

ግን ነገሩን በደንብ እንየው። ክፍለ ጊዜው አሁንም አለ። መጽሐፉ ወጪ ወጥቶበታል። መምህሩ ደመወዝ እየተከፈለው ነው። ልጆቹም እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሀገሪቱ ለዚህ ትምህርት የምታወጣው ትልቁ ወጪ ወጥቶ አልቋል፤ የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። ከዴስክ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። እየባከነ ያለ ሰዓት ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ደግሞም ቤቱ ሬዲዮ እንኳ የሌለው ልጅ ከሁሉም በላይ ይሄን ክፍለ ጊዜ ይፈልገዋል፤ ሌላ ቦታ አያገኘውምና። ገንዘብ ያለውማ አስተማሪ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

መጀመሪያ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሞከር። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚለካውም ቀላል ነው። ልጆቹ ማሲንቆ ስንት አውታር እንዳለው አይጠየቁ። አንድ ዜማ ይሰሙና ቅኝቱን ይለዩ፣ አንድ ምት በጋራ ሳያዛንፉ ያጨብጭቡ። መምህሩ ደግሞ ሙዚቀኛው በሌለበት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻውን ያስተምር። ይሄ ከሆነ ፕሮግራሙ ሠርቷል፤ ካልሆነ ይስተካከል።

የዓመቱ መዝጊያ በዓልም አይቅር። ስፒከሩም ይምጣ፣ ድንኳኑም ይተከል። መድረኩ ላይ ግን ልጆቹ ይውጡ፤ ሙዚቀኛው ከወላጆቹ ጋር ወንበር ይያዝና ያጨብጭብላቸው።

ይሄን የምታነቡ መምህራንና ሙዚቀኞች፣ እናንተ ጋ የተሞከረ ነገር ካለ ጻፉልን፤ ምን እንደሠራና የት ላይ እንደተሰናከለ ንገሩን። ለሌላው ትምህርት ቤት መነሻ ይሆናልና።